የቀን በጀት ለብዙ አገር ጉዞ፦ ከሦስቱ የአቆጣጠር ዘዴዎች የትኛው ይሻላል?

በርካታ አገሮችን አቋርጦ ለመጓዝ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በቀን ስንት ይበቃኛል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚያሳስተው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ነው። «በቀን 50 ዶላር ይበቃል» የሚል ሰው የአውሮፕላን ትኬቱን ደምሮ ይሁን ሳይደምር፣ ክፍል ብቻውን ይዞ ይሁን ተጋርቶ፣ በአንድ ከተማ ሁለት ሳምንት ተቀምጦ ይሁን በየሁለት ቀኑ ጓዙን እየጫነ አይናገርም። ሁለት ሰዎች በአንድ ሆቴል አድረው፣ በአንድ አውቶቡስ ተሳፍረው ሲያበቁ አንዱ «የቀን ወጪዬ 40 ዶላር ነው»፣ ሌላው «110 ነው» ቢሉ ሁለቱም ላይዋሹ ይችላሉ። የተለያዩት በአቆጣጠራቸው ነው።

ስለዚህ ስለ መጠኑ ከመነጋገር በፊት ስለ አቆጣጠሩ መነጋገር ይሻላል። በአንድ አገር ብቻ የሚቆይ ሰው ይህ ብዙም አያስጨንቀውም፤ ሦስት አራት ቀን ሲኖር ዋጋውን ይለምደዋል። ድንበር በተሻገረ ቁጥር ግን ገንዘቡም፣ ዋጋውም፣ የአከፋፈሉ ልማድም ይለወጣል፤ ትናንት የሠራው ግምት ዛሬ ያሳስታል። በተግባር የሚሠራባቸው ዘዴዎች ሦስት ናቸው፦ ለጉዞው በሙሉ አንድ የቀን መጠን መያዝ፣ ለእያንዳንዱ አገር የየራሱን መጠን መመደብ፣ ወይም በእጅ ካለው ገንዘብ ተነስቶ ወደ ታች ማካፈል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ነገር ግን ብቻውን ጎደሎ ነው፤ ጉድለቱን ከታች አሳያለሁ።

መጀመሪያ በቀን የማይቆጠረውን ማውጣት

የትኛውም ዘዴ ቢመረጥ የማይቀር አንድ ሥራ አለ፤ የቀን ወጪ የሆነውን ካልሆነው መለየት። መለያው «አንድ ቀን ብጨምር ይህ ወጪ ይጨምራል?» ብሎ መጠየቅ ነው። የሚጨምር ከሆነ የቀን ወጪ ነው። የማይጨምር ከሆነ ከቀን በጀቱ ወጥቶ ለብቻው ይመዝገብ።

ከባድ የሆኑ የመንግሥት ክፍያዎችን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ሩዋንዳ ውስጥ የተራራ ጎሪላዎችን ለማየት የውጭ አገር ጎብኚ የሚከፍለው የፈቃድ ዋጋ 1,500 ዶላር ነው፤ ኡጋንዳ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 ጀምሮ 800 ዶላር ሆኗል። ቡታን በበኩሏ ከአንድ አዋቂ ጎብኚ በአዳር 100 ዶላር የዘላቂ ልማት ክፍያ ትወስዳለች (የህንድ ዜጎች የሚከፍሉት ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው)። የጎሪላው ፈቃድ ሩዋንዳ አምስት ቀን ቢቆዩም አሥራ አምስት ቀን ቢቆዩም ያው ነው። ለአምስት ቀን ተካፍሎ በቀን በጀት ውስጥ ከገባ፣ ሩዋንዳ ለመኖሪያ ብቻ በቀን 300 ዶላር ተጨማሪ የምትጠይቅ አገር ትመስላለች፤ ያልሆነችውን። የቡታኑ ክፍያ ግን አዳር በጨመረ ቁጥር ስለሚጨምር ከአልጋና ከምግብ ጎን በቀን መጠኑ ውስጥ መግባት አለበት። የከተማ ጎብኚዎች ግብርም እንዲሁ ነው። አምስተርዳም እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በማደሪያ ዋጋ ላይ 12.5 በመቶ ታስከፍላለች፤ ክፍል ሲያስይዙ የሚያዩት ዋጋ ይህን ያካትት እንደሆነ ዝርዝሩን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

የጉዞ ዋስትና መሐል ላይ የሚቆም ወጪ ነው። ዋጋው በቀን ብዛት ይሰላል፤ የሚከፈለው ግን አንድ ጊዜ፣ ከመነሳት በፊት ነው። ከቀን በጀቱ ውጭ ቢያደርጉት ሒሳቡ ይቀላል።

ቪዛ ግን ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ በበጀቱ ላይ ሥልጣን አለው፤ የአገሮቹን ምርጫና ቅደም ተከተል ራሱ ይወስናልና። የሸንገን የአጭር ጊዜ ቪዛ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ 29 የአውሮፓ አገሮችን ይከፍታል፤ በማንኛውም የ180 ቀን ጊዜ ውስጥ ከ90 ቀን አያሳልፍም፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ዋስትናም ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ወጪ ለአራት ቀን ቆይታ መክፈልና ለአርባ ቀን መክፈል አንድ አይደለም፤ ቪዛው ከተያዘ በኋላ እዚያው ክልል ውስጥ አንድ አገር መጨመር ቪዛውን በሚመለከት ምንም አያስወጣም። በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ በጋራ የሚሰጡት የቱሪስት ቪዛ 100 ዶላር ሲሆን ለ90 ቀን በሦስቱ መካከል ያመላልሳል። ከሦስቱ ክልል ወጥተው ታንዛኒያ ደርሰው ልመለስ ካሉ ግን ቪዛው ያበቃል። ታንዛኒያን በጉዞው መጨረሻ ላይ ማድረግና መካከል ላይ ማስገባት የሚኖራቸው የዋጋ ልዩነት ከሆቴል ምርጫ የሚመጣ አይደለም፤ ከቅደም ተከተሉ ነው። በያዙት ፓስፖርት ዓይነት ጭራሽ ቪዛ ላያስፈልግዎ ስለሚችል፣ የሌላ ሰው የቪዛ ወጪ ለእርስዎ መነሻ እንዳይሆን።

ሦስቱ ዘዴዎች ጎን ለጎን

አንድ የቀን መጠን ለሁሉም አገር፦ ቀላልነቱ ነው ጥቅሙ። በቃል ይያዛል፣ ማታ ማታ ለመቆጣጠር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የሚጎበኙት አገሮች የኑሮ ዋጋ ተቀራራቢ ከሆነ፣ ለምሳሌ ጉዞው በቬትናም፣ በላኦስና በካምቦዲያ ብቻ ከሆነ፣ ከዚህ የተሻለ ነገር መፈለግ ድካም ነው። ከታይላንድ ተነስቶ ወደ ጃፓን፣ ወይም ከቦሊቪያ ወደ ቺሊ ለሚሻገር ሰው ግን አንዱ መጠን ሁለት ጊዜ ይጎዳዋል። ርካሹ አገር ላይ «ገና አልደረስኩበትም» እያለ የማያስፈልገውን ይገዛል፤ ውዱ አገር ላይ ሲደርስ ከጠዋት ጀምሮ ዕዳ ውስጥ ነው። አማካይ ቁጥር የትኛውንም ቀን በትክክል ስለማይገልጽ ተጓዡ ከጥቂት ቀናት በኋላ ማመኑን ይተወዋል፤ የማይታመን በጀት ደግሞ ባይኖር ይሻላል።

ለየአገሩ የተለየ መጠን፦ ከመነሳት በፊት ሥራ ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ አገር የአልጋ፣ የምግብ፣ የከተማ ውስጥ መጓጓዣና የመግቢያ ክፍያ ተደምሮ አንድ መጠን ይወጣለታል። ጥቅሙ ከቁጥጥር ይልቅ ለውሳኔ ነው። አገሮቹ ጎን ለጎን በመጠን ሲቀመጡ አንድ ቀን ከዚህ ወደዚያ ማዛወር ስንት እንደሚያተርፍ ወዲያው ይታያል።

ከላይ ወደ ታች ማካፈል፦ ያለዎት ገንዘብ ቁርጥ ከሆነ መነሻው ይህ ነው። ጠቅላላው ተይዞ የማይቀሩ ወጪዎች ይቀነሳሉ፣ መጠባበቂያ ይነሳል፣ የቀረው በቀን ብዛት ይካፈላል። የሚወጣው መልስ «ምን ያስፈልገኛል» የሚለውን አይመልስም፤ «ምን አለኝ» የሚለውን ብቻ ነው የሚመልሰው። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲጣመሩ ምን እንደሚሆን በግምታዊ ቁጥሮች እንየው። አንድ ተጓዥ 3,000 ዶላርና 30 ቀን አለው እንበል። የአውሮፕላን ትኬት 900፣ ቪዛ 150፣ ዋስትና 60 ሲቀነስ 1,890 ይቀረዋል። ከዚህ ላይ 190 ለመጠባበቂያ ቢያነሳ 1,700 ይሆናል፤ ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን ወደ 57 ዶላር ነው። በአንድ መጠን የሚቆጥር ሰው እዚህ ይቆማል፤ ደህና መስሎትም ይነሳል።

አሁን አገሮቹን እናስገባ። የመጀመሪያው አገር በቀን 35 ዶላር ይጠይቃል፣ 12 ቀን ይቆያል፤ ሁለተኛው 90 ዶላር፣ 8 ቀን፤ ሦስተኛው 50 ዶላር፣ 10 ቀን። 420፣ 720 እና 500 ሲደመሩ 1,640 ይሆናሉ። ከ1,700 የቀረው 60 ዶላር ብቻ ነው፤ ከአገር ወደ አገር የሚያሻግሩት ሁለት ጉዞዎች ደግሞ ገና አልተከፈለባቸውም። በ60 ዶላር ሁለት ድንበር መሻገር ጠባብ ነው። ሁለት ቀን ከውዱ አገር ወደ ርካሹ ቢዛወር ግን በእያንዳንዱ ቀን 55፣ በጠቅላላው 110 ዶላር ይተርፋል፤ ለመሻገሪያ የሚቀረው 170 ይሆናል። ምግብ አልተቀነሰም፣ የአልጋው ዓይነት አልወረደም፣ የጉዞው ርዝመትም ያው 30 ቀን ነው። ይህን ማየት የሚቻለው በየአገሩ በተለየ መጠን ብቻ ነው፤ 57 የሚለው አማካይ የትኛው ቀን መንቀሳቀስ እንዳለበት አይናገርም።

የትኛውም አገር የማይቆጥረው ቀን

የሁለተኛው ዘዴ ጉድለት ያልኩት ይህ ነው፦ የመሻገሪያ ቀን። ከአንድ አገር ወደ ሌላው የሚሄዱበት ቀን የማንም አይደለም፤ የለቀቁት አገር መጠንም የሚገቡበት አገር መጠንም አይገልጹትም። ትኬቱ አለ፤ ወደ ጣቢያው ወይም ወደ አየር ማረፊያው መሄጃ አለ፤ ሲደርሱ ወደ ማደሪያ መግቢያ አለ፤ የሻንጣ ክፍያ አለ፤ ድንበር ላይ ገንዘብ ሲቀየር የሚጎድል አለ፤ በመንገድ ላይ የሚበላው ብዙ ጊዜ ከከተማው ይወደዳል። በዚህ ላይ ዋጋውን ገና ያልለመዱት አገር ውስጥ ደክመው፣ ምናልባትም መሽቶ ይደርሳሉ። የደከመ ሰው ዋጋ አይከራከርም።

ስለዚህ የመሻገሪያ ቀናት እንደ ራሳቸው «አገር» ተቆጥረው የራሳቸው መጠን ይሰጣቸው። ያን ጊዜ የመጓጓዣ አማራጮችን ማወዳደርም ይስተካከላል፤ ትኬት ከትኬት ጋር ሳይሆን በር ከበር ይወዳደራል። ርካሽ የአውሮፕላን ትኬት ከከተማ ርቆ ከሚገኝ አየር ማረፊያ የሚነሳ፣ ሻንጣንም ለብቻው የሚያስከፍል ከሆነ ከባቡሩ ሊበልጥ ይችላል። የሌሊት አውቶቡስ ወይም ባቡር የአንድ አዳር ዋጋ ያድናል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን ንጋት 11 ሰዓት ደርሰው ክፍሉ እስከ ቀትር ካልተከፈተልዎ፣ ወይም እንቅልፍ አጥተው ቀኑን ሙሉ ተኝተው ከዋሉ፣ የዳነው ገንዘብ በሌላ በኩል ወጥቷል። ከስምንት ሰዓት ያነሰ የሌሊት ጉዞ ለእኔ ቁጠባ አይደለም።

አንዴ ተከፍሎባቸው ለተወሰኑ ቀናት ደጋግመው የሚያሳፍሩ የባቡር ማለፊያ ካርዶችም በዚሁ ዓይን ይታዩ። የጃፓን የባቡር ማለፊያ የሰባት ቀን ተራ ማዕረግ ዋጋ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ከ29,650 ወደ 50,000 የን ከፍ ብሏል። ከቶኪዮ ኪዮቶ በፈጣኑ ባቡር የአንድ መንገድ ትኬት ወደ 14,000 የን ነው፤ ደርሶ መልስ ወደ 28,000። ቀድሞ ይህ ጉዞ ብቻውን ማለፊያውን ሊያካክስ ትንሽ ነበር የሚቀረው፤ አሁን ግን በሰባት ቀን ውስጥ ሌላ ረጅም ጉዞ ካልተጨመረ ነጠላ ትኬት ይሻላል። ከ2023 በፊት የተጻፈ ምክር ሁሉ «ማለፊያውን ግዙ» ቢል አይገርምም። በአውሮፓ የሚሠራው ማለፊያ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው፤ በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በስፔን ፈጣን ባቡሮች ላይ ማለፊያው ቢኖርም የመቀመጫ ማስያዣ ተጨማሪ ክፍያ አለ። መንገዱ ያልተወሰነና በየቀኑ ሐሳቡን የሚለውጥ ተጓዥ ማለፊያ ይግዛ። መንገዱን አስቀድሞ የቆረጠ ሰው ቀድሞ የተገዛ ነጠላ ትኬት ያዋጣዋል።

የአገሩን መጠን ከየት ማግኘት

የምንዛሪ ተመንና የኑሮ ዋጋ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በአንድ ዶላር ብዙ ሺህ የሚመነዘርበት አገር ርካሽ ነው ማለት አይደለም፤ የኖቱ ዜሮ መብዛት ስለ ዋጋው ምንም አይነግርም። አንድ ገንዘብ የሚጠቀሙ አገሮችም ዋጋቸው አንድ አይደለም፤ ፖርቱጋልና ፊንላንድ ሁለቱም በዩሮ ይገበያያሉ፣ የምግብ ቤት ሒሳቡ ግን አይገናኝም። ዘ ኢኮኖሚስት መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የአንድን ሃምበርገር ዋጋ በየአገሩ እያወዳደረ የሚያወጣው መለኪያ ለገንዘብ ተመን ጥናት ጥሩ ቀልድም ጥሩ ትምህርትም ነው፤ ለተጓዥ ግን ብዙ አይረዳም። የተጓዥን በጀት የሚወስነው አልጋ ነው፤ አልጋ ደግሞ እንደ ወቅቱ ይወጣል ይወርዳል።

እኔ የማምነው አጭር መንገድ ይህ ነው። በምትሄዱበት ወር፣ በማረፊያ ከተማው፣ በእውነት የምትተኙበትን ዓይነት ክፍል ዋጋ ፈልጉ፤ በጣም ርካሹን አይደለም። ለብቻ ለሚጓዝ ሰው ምግብና የከተማ ውስጥ መጓጓዣ ተደምረው የዚያን ያህል ይሆናሉ ብሎ መነሳት በአብዛኛው ብዙ አያሳስትም። ሁለት ሆነው አንድ ክፍል የሚጋሩ ከሆነ የአልጋው ብቻ ለሁለት ይካፈላል፤ ሆድ አይካፈልም።

በዋጋው ላይ የማይታየውንም ጨምሩ። በአሜሪካ የሱቅና የምግብ ቤት ዋጋዎች የሽያጭ ግብርን ሳያካትቱ ነው የሚለጠፉት፤ ተቀምጠው በሚመገቡበት ቤት ከ15 እስከ 20 በመቶ ጉርሻ መስጠትም ልማድ ነው። በጃፓን ጉርሻ የለም። ሁለቱን በምግብ ዝርዝር ላይ ባለው ዋጋ ብቻ ያወዳደረ ሰው አሜሪካን እስከ ሩብ ገደማ አሳንሶ ሊገምት ይችላል።

ጥሬ ገንዘብና ካርድ

በዚህ ላይ ረጅም ክርክር አያስፈልግም፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የሚያስፈልገው የት ላይ ገንዘብ እንደሚፈስ ማወቅ ነው። ካርድ ማንበቢያው ወይም የገንዘብ መክፈያ ማሽኑ «በአገርዎ ገንዘብ ይከፍላሉ ወይስ በዚህ አገር ገንዘብ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የአገሩን ገንዘብ ይምረጡ። የራስዎን ከመረጡ ተመኑን የሚያወጣው የእርስዎ ባንክ ሳይሆን ማሽኑን ያቀረበው ድርጅት ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ይወደዳል። ባንክዎ ከማሽን ጥሬ ገንዘብ ባወጡ ቁጥር ቁርጥ ክፍያ የሚያስከፍል ከሆነ ትንሽ ትንሽ እየደጋገሙ ከማውጣት አንድ ጊዜ በዛ አድርጎ ማውጣት ይረክሳል፤ ጉዳቱ አገሩን ሲለቁ በእጅ የሚቀረው ነው።

የሚቀረው ገንዘብ ጉዳይ እንደ አካባቢው ይለያያል። በምዕራብ አፍሪካ ስምንት አገሮች በአንድ ሴኤፍኤ ፍራንክ ይገበያያሉ፤ በመካከለኛው አፍሪካ ያሉ ስድስት አገሮችም የራሳቸው ሴኤፍኤ አላቸው። ሁለቱም ለአንድ ዩሮ 655.957 ሆነው የተቆረጡ ናቸው፤ ይሁን እንጂ የዳካሩ (ሴኔጋል) ኖት ያውንዴ (ካሜሩን) ገበያ ላይ አያገለግልም። የደቡብ አፍሪካ ራንድ በናሚቢያ፣ በሌሶቶና በኤስዋቲኒ ያለ ችግር ይሠራል፤ የናሚቢያ ዶላር ግን ከራንድ ጋር እኩል ቢሆንም ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አይቀበሉትም። ስለዚህ ከናሚቢያ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሻገር ሰው የመጨረሻ ቀኖቹን የናሚቢያውን እያወጣ ራንዱን ያስቀምጥ። ኢኳዶር፣ ፓናማና ኤል ሳልቫዶር የአሜሪካ ዶላር ስለሚጠቀሙ በዚያ መስመር ይህ ጣጣ የለም። ለመጠባበቂያ ዶላር የሚይዝ ሰው አዳዲስና ያልተቀደዱ ኖቶች ይያዝ፤ በብዙ አገር የምንዛሪ ቢሮዎች አሮጌ እትሞችን ወይ አይቀበሉም ወይ በዝቅተኛ ተመን ይቀበላሉ።

ጉዞ ከተጀመረ በኋላ

ሒሳቡን በአንድ ገንዘብ ብቻ ይያዙ። በዶላር ወይም በዩሮ ይሁን፣ በደመወዝዎ ገንዘብ ይሁን ለውጥ የለውም፤ በየአገሩ ገንዘብ የተጻፈ መዝገብ ግን ከሁለተኛው ድንበር በኋላ አይደመርም። በስልክ መተግበሪያ ወይም በደብተር የሚለው ምርጫ የጠባይ ጉዳይ ነው። በየአገሩ ተመኑን ለራስ እንዳይመች አድርጎ ማጠጋጋት ይጠቅማል፦ አንድ ዶላር 36 ቢሆን 35 ብሎ ማሰብ። መጠባበቂያው ከ10 በመቶ አይነስ፤ ለየአገሩም አይከፋፈል። የተከፋፈለ መጠባበቂያ በየአገሩ ይበላል።

አንድ አገር ገብተው ሦስተኛው ቀን ላይ ወጪው ከተመደበው በላይ እየሄደ ከሆነ የሚቀነስ ነገር መምረጥ ይመጣል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚቀንሰው ምግብ ነው፤ ቀጥሎ አልጋ። እኔ በግልባጩ እሄዳለሁ። በመጀመሪያ የሚሰረዘው አንድ ከተማ ነው። በአገሩ ውስጥ አራት ከተማ ሊያዩ አስበው ከሆነ ሦስት ያድርጉት፤ አንድ የመንቀሳቀሻ ቀን ከነትኬቱ፣ ከነታክሲውና ከነመንገድ ምግቡ ይወጣል፤ በአንድ ቦታ ረዘም ብሎ መቆየት የአዳር ቅናሽ ሊያስገኝም ይችላል። ይህ ካልበቃ ቀጣዩ ውድ አገር ላይ አንድ ቀን ይቀነስና ወደ ርካሹ ይዛወር፤ ትኬቱን ለመቀየር የሚጠየቀው ክፍያ ከሚተርፈው እንዳይበልጥ ግን አስቀድሞ ይታይ። አልጋና ምግብ ላይ የሚደረሰው ከእነዚህ በኋላ ነው።